ጥንታዊ ቅርስን ከሰማይ ማየትና በካርታ ማስፈር

የሰው እጅ የሠራው ሥራ ሁሉ በአጠገቡ ለቆመ ሰው ሙሉ መልኩን አይገልጥም። በላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን ለመሳለም የወረደ ምእመን በጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ሲመለከት ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለውን ግድግዳና የመስኮቶቹን አሠራር ያደንቃል፤ የሕንፃውን የመስቀል ቅርጽ አጥርቶ የሚያየው ግን ከአፋፉ ላይ ወጥቶ ጣራውን ቁልቁል ሲመለከት ነው። ሥራው ያው አንዱ ነው፤ የተለወጠው የተመልካቹ መቆሚያ ብቻ ነው። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ባለፈው መቶ ዓመት ውስጥ የጥንታዊ ታሪክ ምርምርን መንገድ በብዙ አቅጣጫ ለውጦታል።

በዛሬው ጽሑፋችን የምናወሳው ይህንኑ ነው። የአርኬኦሎጂ ሊቃውንት ጥንታዊ ፍርስራሾችን ከሰማይ መመልከት እንዴት እንደ ጀመሩ፣ በዘመናችንም ድሮን በሚባለው አብራሪ በላዩ በማይቀመጥበት ትንሽ አይሮፕላን እየተረዱ ካርታ እንዴት እንደሚሠሩ፣ ይልቁንም ይህ ካርታ ለቅርስ ጥበቃ ምን እንደሚጠቅምና ብቻውን ምን ማድረግ እንደማይችል በፔሩ አገር የተደረገውን አብነት አድርገን እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የሥራው አጀማመር

በ1906 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ፊሊፕ ሻርፕ የተባለ የጦር መኮንን በሠራዊቱ ባሉን ላይ ሆኖ ስቶንሄንጅ የተባሉትን ጥንታዊ የድንጋይ ዓምዶች ከሰማይ ፎቶግራፍ አነሣ። የሚያስደንቀው፣ በዚያው ዓመት በኤኖ ሊትማን የሚመራው የጀርመን የጥናት ቡድን ወደ አክሱም መጥቶ ሐውልቶቹን፣ የቤተ መንግሥቱን ፍርስራሽና መቃብሮቹን በእግሩ እየዞረ በመለካት ካርታና ንድፍ ይሠራ ነበር። የዚህ ቡድን ሥራ በ1913 በበርሊን ታትሞ እስከ ዛሬ ድረስ የአክሱምን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ሁሉ አስፈላጊ መጽሐፍ ሆኖ ይኖራል። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት መንገዶች ጐን ለጐን ታዩ ማለት ነው፤ አንደኛው የዓይን መንገድ ሲሆን ሁለተኛው የእግር መንገድ ነው። እነዚህ ሁለቱ ተቃራኒ ሳይሆኑ ተደጋጋፊ መሆናቸውን ወደ ፊት እናያለን።

ከሰማይ ማየትን ወደ ሙያ ደረጃ ያደረሰው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በጦርነቱ ጊዜ አይሮፕላኖች የጠላትን ምሽግ ለመሰለል ፎቶግራፍ ሲያነሡ ያልታሰበ ነገር ይወጣ ጀመር፤ በምሽጉ አጠገብ የጥንት ከተሞች፣ መንገዶችና አጥሮች በፎቶግራፉ ላይ ይታዩ ነበር። በጦርነቱ በአይሮፕላን ተመልካችነት ያገለገለው ኦ.ጂ.ኤስ. ክሮፎርድ ሰላም ከሆነ በኋላ ይህን ጥበብ ለታሪክ ሥራ አዋለው፤ በ1928 ዓ.ም. ከአሌክሳንደር ኪለር ጋር ሆኖ የደቡብ እንግሊዝን ጥንታዊ ሥፍራዎች ከአየር የሚያሳይ መጽሐፍ አሳተመ። አንትዋን ፑዋድባር የተባለው ፈረንሳዊ ካህንም ከ1925 ጀምሮ በሶርያ ምድረ በዳ ላይ እየበረረ የሮማውያንን የጠረፍ ምሽጎችና መንገዶች መዝግቧል። ዛሬ ድሮን ሲባል በብዙ ሰው አሳብ የሚመጣው የጦር መሣሪያነቱ ነው፤ ነገር ግን ለውጊያ የተሠራ መሣሪያ ለዕውቀት ሲውል ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

ለመሆኑ በምድር ላይ ቆመን የማናየው ነገር ከላይ የሚታየው ስለምን ነው? ምክንያቱ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። ከጥንት ጀምሮ ተቆፍሮ በኋላ በአፈር የተሞላ ቦይ እርጥበት ስለሚይዝ በላዩ የበቀለው አዝመራ ይለመልማል፤ ከመሬት በታች የተቀበረ የድንጋይ ግንብ ባለበት ላይ የበቀለው ግን ሥሩ ስለማይጠልቅ ቶሎ ይጠወልጋል። በማሳው ውስጥ ለሚሄድ ሰው ይህ ልዩነት ትርጉም አይሰጠውም፤ ከላይ ሲታይ ግን የቤቱ ክፍል፣ የግቢው ቅጥርና የመንገዱ መስመር እንደ ንድፍ ተሥሎ ይገኛል። ደግሞም ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ትንሿ ጉብታ እንኳ ረጅም ጥላ ስለምትጥል በቀትር የማይታየው ፍርስራሽ በጠዋትና በማታ ይገለጣል።

የፔሩ ምድረ በዳ

ይህን ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የሚፈልግ አገር ቢኖር በደቡብ አሜሪካ የሚገኘው ፔሩ ነው። ከዋና ከተማው ከሊማ በስተ ደቡብ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በናዝካና በፓልፓ ምድረ በዳ የጥንት ሰዎች በመሬት ላይ ታላላቅ መስመሮችንና ሥዕሎችን ሠርተዋል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የምድሩን ፊት የሸፈነውን ጠቋራ ጠጠር እየለቀሙ ወደ ዳር ሲያደርጉት ከሥሩ ያለው ነጣ ያለ አፈር ብቅ ይላል። በዚያ አገር ዝናብ ከስንት አንዴ ብቻ ስለሚጥል ሥራው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሳይጠፋ ቈይቷል። ከ500 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጀምሮ እስከ 500 ዓመት ድኅረ ልደት ድረስ እንደ ተሠሩ የሚነገርላቸው እነዚህ ሥራዎች በ1994 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። ከሥዕሎቹ መካከል ሑሚንግበርድ የምትባለው ትንሽ ወፍ ምስል ብቻዋን ከ90 ሜትር በላይ ርዝመት አላት።

የፔሩ ተወላጅ የሆነው የአርኬኦሎጂ ሊቅ ቶሪቢዮ ሜሂያ ሔስፔ መስመሮቹን በ1927 ዓ.ም. በእግሩ ሲጓዝ አይቶ አጥንቷቸዋል። በ1931 ሺፒና ጆንሰን የተባሉ አሜሪካውያን የመሩት ጉዞ የፔሩን ሸለቆዎች በአይሮፕላን እየዞረ ፎቶግራፍ ሲያነሣ በሳንታ ሸለቆ የሚገኘውን ረጅም ጥንታዊ ግንብ ለዓለም አሳወቀ። ከዚያም በ1941 ዓ.ም. ፖል ኮሶክ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በናዝካ ሜዳ ላይ ቆሞ ፀሐይ በአንደኛው መስመር ጫፍ ላይ ስትጠልቅ ተመለከተ፤ የናዝካም ዝና ከዚህ ወዲያ እየሰፋ ሄደ።

የኮሶክን ሥራ የቀጠለችው በ1903 በድሬስደን የተወለደችው የሒሳብ ሊቅ ማሪያ ራይኼ ነበረች። በመሰላልና በሜትር እየለካች፣ መስመሮቹን በመጥረጊያ እየጠረገች፣ በፔሩ የአየር ኃይል ረዳትነትም ከሰማይ ፎቶግራፍ እያስነሣች እስከ ዐረፈችበት እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ ዕድሜዋን በዚያ ምድረ በዳ ሰጠች። የዚህች ሴት ሕይወት የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ፤ እርሷ ቅርሱን መመርመርና ቅርሱን መጠበቅን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አድርጋ አላየቻቸውም። ለመለካት የወጣችበት መጥረጊያና ሜትር ለመከላከልም መሣሪያዋ ነበር።

መከላከል ያስፈለገበትም ምክንያት ግልጥ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ታላቁ የአሜሪካ አውራ ጐዳና በዚያ ሲቀየስ የእንሽላሊት ምስል የሆነውን ትልቅ ሥዕል ለሁለት ቈርጦት አለፈ። ይህን ያደረጉት መሐንዲሶች ቅርስ ለማጥፋት አስበው አልነበረም። መንገዱ የሚያልፍበትን ምድር የሚያሳይ ካርታ ነበራቸው፤ በካርታው ላይ ግን እንሽላሊቱ አልነበረም። በካርታ ላይ የሌለ ነገር ደግሞ ለመንገድ ሠሪ፣ ለገበሬና ለማዕድን ፈላጊ እንደሌለ ይቈጠራል።

የፈረሰው ፒራሚድ

እንዲህ ያለው ጥፋት የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. አጋማሽ በሊማ ከተማ ዳርቻ በሚገኘው በኤል ፓራይሶ ከአሥራ ሁለቱ ጥንታዊ ፒራሚዶች አንዱ በመሬት ሻጮች መኪና ተደርምሶ ፈረሰ። ፒራሚዱ ስድስት ሜትር ያህል ቁመት የነበረውና ከ4,000 ዓመት በላይ የቈየ ነበር። አንድ ሥልጣኔ አራት ሺህ ዓመት ጠብቆ ያስረከበውን ሥራ ለማጥፋት የአንድ ቀን ሥራ በቃ። ከዚህ በኋላ የሚደረገው ክስና ምርመራ አስፈላጊ ቢሆንም፣ የፈረሰውን አይመልስም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

የፔሩ መንግሥት ችግር የፈቃድ ማጣት ብቻ ሳይሆን የብዛት ነገር ነው። በአገሪቱ የሚገኙት ጥንታዊ ሥፍራዎች አንድ መቶ ሺህ ያህል እንደሚደርሱ ሊቃውንቱ ይገምታሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ በአግባቡ ተለክተው ወሰናቸው የታወቀው ጥቂቶቹ ናቸው። በሜትርና በመለኪያ መነጽር አንድን ሰፊ ሥፍራ ለመለካት ወራት ያስፈልጋል፤ በዚያ ወራት ውስጥ ደግሞ ከተማው እየሰፋ፣ እርሻው እየገፋ ይመጣል። ስለዚህ በጥንታዊ የሞቼ ሥልጣኔ ጥናቱ የታወቀውና በዚያን ጊዜ በባህል ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር የነበረው ሉዊስ ሃይሜ ካስቲዮ ድሮን ለዚህ ሥራ እንዲውል ከገፉት አንዱ ነበር። በሳን ሆሴ ዴ ሞሮና በሴሮ ቼፔን በሚባሉት ጥንታዊ ሥፍራዎች በድሮን እየተነሣ ካርታ ተሠራ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። አስቀድሞ በሥፍራው ላይ ምልክቶች ይተከላሉ፤ የእያንዳንዱ ምልክት ቦታ ከሳተላይት በሚመጣ መረጃ በትክክል ይለካል። ከዚያ በኋላ ድሮኑ እንደ ገበሬ ትልም ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ በብዙ መቶ የሚቈጠር ፎቶግራፍ ያነሣል። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ የጐረቤቱን አብዛኛውን ክፍል ደግሞ እንዲይዝ ይደረጋል፤ ይኸውም አንዱ ነጥብ ከተለያየ ማዕዘን እንዲታይ ነው። ሁለቱ ዓይኖቻችን አንድን ነገር ከተለያየ ማዕዘን ስለሚያዩ ርቀቱን እንደምናውቅ ሁሉ፣ ኮምፒዩተርም ፎቶግራፎቹን እያስተያየ የእያንዳንዱን ነጥብ ከፍታና ዝቅታ ያሰላል። ከዚህም ቀጥ ያለ፣ በላዩ ላይ በሜትር ሊለካበት የሚቻል ካርታና የሥፍራው ሙሉ አምሳያ ይወጣል። ዝቅ ብሎ የሚበር ድሮን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ምልክት እንኳ አይስትም። በእግር ወራት ይፈጅ የነበረው መለካት በቀናት ውስጥ ያልቃል።

እግር የሌለው መርማሪ

የዚህ መሣሪያ ልዩ ጥቅም በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር በግልጥ ታየ። በሊማ ስለ አየር ንብረት ታላቅ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ይደረግ በነበረበት ጊዜ የአንድ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት አባላት ያለ ፈቃድ ወደ ናዝካ ገብተው በዚያች ወፍ ምስል አጠገብ ትላልቅ የጨርቅ ፊደላት ዘረጉ። ጠቋራው ጠጠር በእግራቸው ስለ ተረገጠ ነጩ አፈር ወጥቶ ዱካቸው እንደ አዲስ መስመር ታተመ። የዚህን ጉዳት መጠን ለማወቅ መርማሪ በእግሩ ቢገባ በጉዳቱ ላይ ጉዳት መጨመሩ አይቀርም። በዚያ ምድር የሚሠሩት ባለሙያዎች እንኳ የእግራቸውን ክብደት የሚያሰፋ ልዩ ጫማ ያደርጋሉ። ድሮኑ ግን እግር የለውም፤ መሬቱን ሳይነካ በላዩ በርሮ የተረገጠውን ሁሉ አሳየ። በ2018 ጥር ወር ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ከአውራ ጐዳናው ወጥቶ ወደ ሜዳው በመግባት ሦስት መስመሮችን ጐዳ። ጥፋት በሚደጋገምበት ሥፍራ ትናንት ምን እንደ ነበረ የሚያስረዳ ትክክለኛ መዝገብ ከሌለ ዛሬ ምን እንደ ጐደለ ማስረዳት አይቻልም።

ድሮን አስቀድሞ የሚታወቀውን መመዝገብ ብቻ ሳይሆን ያልታወቀውንም አሳይቷል። በዚያው በ2018 ዓ.ም. የናዝካና የፓልፓ ጥበቃ ኃላፊ የነበረው ጆኒ ኢስላ ከካስቲዮ ጋር ሆኖ በፓልፓ አውራጃ ከሃምሳ የሚበልጡ አዳዲስ ሥራዎች መገኘታቸውን አስታወቀ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከናዝካ ሰዎች በፊት የነበሩት የፓራካስና የቶፓራ ሕዝቦች ሥራ ሆነው ተገምተዋል። ሥዕሎቹም በኮረብታ ተዳፋት ላይ ስለ ነበሩ፣ በጥንት ጊዜ በሸለቆው ውስጥ ከነበሩት መንደሮች ይታዩ ነበር። ይህ ታላቅ ነገር ነው። የናዝካ ሥዕሎች ከሰማይ ለሚያይ ብቻ እንደ ተሠሩ አድርገው ብዙዎች ከንቱ ተረት ሲያወሩ ኖረዋል፤ ከሰማይ የተነሣው ፎቶግራፍ ራሱ ግን ጥንታውያኑ ሰዎች ሥዕላቸውን በምድር ለሚኖር ጐረቤታቸው እንደ ሣሉ መሰከረ።

ከ2004 ጀምሮ በናዝካ የሚሠሩት የጃፓን የያማጋታ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በማሳቶ ሳካይ መሪነት ሥራውን ወደ ሌላ ደረጃ አደረሱት። በ2022 ዓ.ም. 168 አዳዲስ ሥዕሎች ማግኘታቸውን ገለጡ። በ2024 መስከረም ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው የኮምፒዩተር ጥበብ ከአይሮፕላን የተነሡትን ፎቶግራፎች መርምሮ ተስፋ አላቸው ያላቸውን 1,309 ምልክቶች እንዳመለከተ፣ እነርሱም ለስድስት ወር በእግርና በድሮን ሥፍራዎቹን እየዞሩ 303 አዳዲስ ሥዕሎችን እንዳረጋገጡ አሳተሙ። ከዚያ በፊት የሚታወቁት የዚህ ዓይነት ሥዕሎች 430 ብቻ ነበሩ።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንወዳለን። ኮምፒዩተሩ ካመለከተው ውስጥ እጅግ የሚበዛው እውነተኛ ሥዕል ሆኖ አልተገኘም። በአንጻሩ ከ303ቱ ውስጥ 59ኙን ኮምፒዩተሩ ጨርሶ አላመለከታቸውም፤ የተገኙት ባለሙያዎቹ ሥፍራው ድረስ ሄደው ስላዩ ነው። ስለዚህ ከላይ የሚያይ መሣሪያ ጠቋሚ ነው እንጂ ፈራጅ አይደለም። መስመሩ የጥንት ይሁን የትናንት የመኪና ጐማ፣ ሸክላው የየትኛው ዘመን እንደሆነ፣ ሥፍራው መቃብር ይሁን መኖሪያ የሚለየው በምድር ላይ ቆሞ የሚመረምር የተማረ ሰው ነው። ደግሞም ነፋስ ይጥለዋል፤ ባትሪው ከግማሽ ሰዓት እምብዛም አያልፍም፤ በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ያለውን በተራ ፎቶግራፍ ሊያይ አይችልም። ሊትማንና ጓደኞቹ በአክሱም ያሳዩት የእግር ትጋት ዛሬም አልተሻረም።

ወሰን የሚያሰምረው ማን ነው?

ከዚህ ሁሉ ቀጥሎ የመጣው ነገር የጽሑፋችንን ዋና አሳብ የሚያስረዳ ነው። ፔሩ በ2004 ዓ.ም. በናዝካ ዙሪያ 5,600 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ምድር ለጥበቃ ከልላ ነበር። በ2025 ግንቦት መጨረሻ ግን የባህል ሚኒስቴር ክልሉን ወደ 3,200 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ የሚያደርግ ውሳኔ አወጣ። የተሰጠው ምክንያት፣ በተደረገው ጥናት ቅርሱ የሚገኝበት ሥፍራ ከቀድሞው ይበልጥ በትክክል ታውቋል የሚል ነበር። የአርኬኦሎጂ ሊቃውንትና የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ግን ከክልሉ የሚወጣው ምድር ፈቃድ የሌላቸው ወርቅ ቈፋሪዎች የሚገቡበት ይሆናል ብለው በብርቱ ተቃወሙ። ተቃውሞው ስለ በረታ በሰኔ መጀመሪያ ውሳኔው ተሽሮ የቀድሞው ወሰን ተመለሰ።

ይህን ነገር በጥሞና ልንመለከተው ይገባል። ካርታ በትክክል መሠራቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያው ትክክለኛ ካርታ ቅርሱን ለመጠበቅም፣ በቅርሱ ዙሪያ ያለውን ምድር ለመልቀቅም ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመቶ የሚቈጠሩ አዳዲስ ሥዕሎች በተገኙበት ምድር ላይ ዛሬ ባዶ የሚመስለው ሥፍራ ነገ ባዶ ላይሆን ይችላል። ካርታ የሚያሳየው እስከ ዛሬ የታየውን ብቻ ነው። ወሰን የሚያሰምር ባለሥልጣንም የታየውን ብቻ ሳይሆን ገና ያልታየውን ማሰብ ይገባዋል። ይህ ማሰብ ከመሣሪያው የሚገኝ አይደለም፤ ከሰው ኅሊናና ከሕግ የሚገኝ ነው።

ቅርስ በታወቀ መጠን የሚፈልገውም ሌባ እንደሚበዛ መዘንጋት የለበትም። የመቃብርን ትክክለኛ ሥፍራ የሚያመለክት ካርታ በጠባቂው እጅ ሲሆን ጋሻ ነው፤ በዘራፊው እጅ ሲገባ ግን መንገድ መሪ ነው። ስለዚህ መዝገቡን ከማዘጋጀት ባልተናነሰ መዝገቡን መጠበቅ፣ ሥፍራውንም የሚያውቀውን የአካባቢውን ሕዝብ የጥበቃው ባለቤት ማድረግ ያስፈልጋል። በኮረብታው ሥር የሚኖረው ገበሬ ሥዕሉ የአባቶቹ ሥራ እንደሆነ ከተረዳ ማንም ሳያዘው ይጠብቀዋል፤ ካልተረዳ ግን ድሮን ሌት ተቀን ቢዞር አይጠቅምም።

ለማጠቃለል ያህል፣ በ1906 በባሉን ላይ ሆኖ ከተነሣው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬው ድሮን ድረስ የመሣሪያው ረቂቅነት እጅግ ጨምሯል፤ የሥራው ቅደም ተከተል ግን አልተለወጠም። በመጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ በእግር ሄዶ ማረጋገጥ፣ ከዚያ መመዝገብ፣ በመጨረሻም የተመዘገበውን በሕግ መጠበቅ ነው። ከአራቱ አንዱ ቢጐድል የቀሩት ሦስቱ ከንቱ ይሆናሉ። ኤል ፓራይሶ የፈረሰው ማንም ሳያየው ቀርቶ አልነበረም፤ የጐደለው አራተኛው ነው። የእንሽላሊቱ ምስል የተቈረጠው ደግሞ ሦስተኛው በመጐደሉ ነው።

እኛም ብዙ ጥንታዊ ሥፍራ ያለን፣ ከዚህም ገና ያልተቈፈረውና ያልተለካው የሚበዛ ሕዝብ እንደ መሆናችን የፔሩን ነገር እንደ ሩቅ አገር ወሬ ብቻ ልንሰማው አይገባም። መንገድ ይሠራል፤ ከተማም ይሰፋል፤ ይህ የልማት ግዴታ ነው። ነገር ግን መንገድ ቀያሹ ወደ ሥራው ሲወጣ በእጁ በያዘው ካርታ ላይ የአባቶች ሥራ ተመልክቶ እንዲገኝ ማድረግ የታሪክ ሊቃውንት፣ የመንግሥት ሠራተኞችና የአካባቢው ሽማግሌዎች የጋራ ሥራ ነው። ይህም መፈጸም ያለበት መቈፈሪያው መኪና ከመድረሱ በፊት ነው።